«ዶልፊኑ መጥቶ ይወስድሻል»

«ዶልፊኑ መጥቶ ይወስድሻል። ከዶልፊኑ በቀር ሌላ መኪና ላይ እንዳትወጪ!»

የሰባት ዓመት ልጄን አንደኛ ክፍል ባስገባሁበት ዕለት ጧት፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጎንበስ ብዬ የነገርኳት ይህንን ነበር። ልጅ የተነገረውን ይይዛል፤ እሷም ያዘች። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚሁ በያዘችው ቃል ምክንያት አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በር ላይ ቆማ ቀረች።

በሴቶችና በቤተሰብ ዓምድ ስለ መኪና ስም ማንሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም፣ ውድ አንባብያን። እኔም ከዚያ ቀን በፊት የመኪና ስም የወንዶች ጨዋታ እንጂ የእናት ጉዳይ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችንን ልጆች የሚያመላልሰው ሰው ለብዙ ዓመታት የነዳው ቶዮታ ሃይኤስ ነበር፤ ያ ግንባሩ ቀጥ ያለው፣ ሕዝቡ ዶልፊን የሚለው ዓይነት። ከዕቁብና ከብድር አሰባስቦ አዲሱን ሃይኤስ ገዛ። አዲሱ ሥራ በጀመረበት ዕለት ሰውየው ሌላ ጉዳይ ስለነበረው የእህቱን ልጅ በቦታው ተካ፤ ለእኛም ለእናቶች ከጧቱ ስልክ ደወለልን። «ዛሬ ዶልፊኑን የእህቴ ልጅ ይዞት ይመጣል፤ አታስቡ» አለኝ። እኔም ለልጄ «ዛሬ ዶልፊኑን የሚነዳው ሌላ ሰው ነው፤ አትፍሪ፣ ውጪ» አልኳት። እሱም ዶልፊን አለ፣ እኔም ዶልፊን አልኩ። የመጣው ግን ዶልፊን አልነበረም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ደወሉልኝ። «ይቺ ልጅ አልሳፈርም ብላለች። ሹፌሩ እናቷ ታውቀኛለች ይላል፤ እሷ ደግሞ አይደለም ትላለች። እኔ ማንን ልመን?» አሉኝ። ሹፌሩን ስሙን ጠይቀው፣ ትክክለኛው ሰው መሆኑን አረጋግጬላቸው እንኳ ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ትምህርት ቤት በዚህ መኪና የምትሳፈር እሷ ብቻ ስለሆነች አይታ የምትከተለው ጓደኛ የላትም። አለቃዬን አስፈቅጄ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁና ላዳ ያዝኩ። (ላዳ ልበል እንጂ የያዝኩት ላዳ አልነበረም፤ እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።)

ስደርስ ልጄ ከጥበቃው ካፖርት ጀርባ ተሸጉጣለች። ወጣቱ ሹፌር ላብ አጥምቆታል። «እትዬ፣ ጋሼ ዶልፊኑን ያዝና ሂድ አሉኝ፤ ይዤ መጣሁ፤ ምን ላድርግ?» ይላል። መኪናውን ቀና ብዬ አየሁት፤ አዲስ፣ ነጭ፣ ከፊቱ ወጣ ያለ ሞተር ክዳን ያለው ነው። ልጄ እጄን ይዛ ጮክ ብላ «እማዬ፣ ሰውየው ዶልፊን ነው ይለኛል፤ አይደለም! ዶልፊን አፍንጫ የለውም!» አለችኝ።

የባሕሩ ዶልፊን ረዥም አፍንጫ እንዳለው በሥዕል መጽሐፏ ላይ አይታለች፤ ግን እሷን የሚያመላልሳት ዶልፊን የሚታወቀው በድፍጥ ፊቱ ነው። እኛ ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ባለመኪናው፣ ሹፌሩና እኔ፣ አንድ የቆየ ስም በአዲስ መኪና ላይ ለጥፈን ስንነጋገር ያየችውን በዓይኗ መዝና የተናገረችው የሰባት ዓመቷ ልጅ ናት። ልቆጣት ተነሥቼ የነበረው አንደበቴ ታሰረ። ምን ብዬ ልቆጣት? ያዘዝኳትን ፈጸመች።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ግን የቆመችበት ሰዓት ርዝመት አይደለም። ነገሩ ቢገለበጥስ የሚል ሐሳብ ነው። እውነተኛ ዶልፊን ይዞ የመጣ የማናውቀው ሰው «እናትሽ ልካኝ ነው» ቢላት ልጄ ሳታመነታ ትወጣ ነበር። እኔ የሰጠኋት መታወቂያ በከተማው ውስጥ ስንት መኪና የሚጋራው የቅጽል ስም ነውና።

እንዲህ ያለው አጠራር ከየት መጣ ብዬ ባለመኪናውንም፣ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችንም ጠየቅኩ። ሃይኤስ የሚባለው መኪና ከተጀመረ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በአገራችን ዶልፊን የተባለው እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የተሠራው ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን አባዱላ አሉት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው፣ ያ ልጄ የሸሸችው ባለአፍንጫው፣ በኛ ሰፈር የራሱ ስም ሳይወጣለት ቀረ፤ ስለዚህ አንዱ ዶልፊን ይለዋል፣ ሌላው አባዱላ ይለዋል። ፋብሪካው ሦስቱንም ሃይኤስ ነው የሚላቸው። ለሕዝቡ ግን ፋብሪካ ያወጣው ስም ስም አይደለም፤ ስም የሚባለው ሰፈሩ ያወጣለት ነው።

ደግሞም ልማዱ የዛሬ አይደለም። እናቴ ትንሽ መኪና ሁሉ ሴይቼንቶ ነው የምትለው። ሴይቼንቶ በጣልያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው፤ ፊያት እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣት ፊያት 600 ናት። በእናቴ የልጅነት ዘመን በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆና የሠራች መኪና ስለሆነች፣ እናቴ የዛሬዋን ቪትዝ እንኳ ስታይ «ያቺ ሴይቼንቶ ትለፍና እንሻገር» ትለኛለች። ላዳም እንደዚሁ ነው። እኔ ያን ዕለት ላዳ ብዬ የገባሁባት መኪና ያረጀች ቶዮታ ናት። ሰማያዊና ነጭ የተቀባች፣ በኮንትራት የምትሄድ ትንሽ ታክሲ ሁሉ ምንም ትሁን ምን ላዳ ናት። ላዳ ራሷም ብትሆን ከፊያት 124 የተወለደች መሆኗን ሲነግሩኝ ሣቅሁ፤ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 መሥራት የጀመሩት የጣልያኑን ንድፍ ወስደው ነው። ባለሦስት እግሩም ቲቪኤስ የሚባል ሌላ ፋብሪካ የሠራው ሆኖ ሳለ ባጃጅ እንለዋለን። በስልክ የምንጠራውንም መኪና፣ በሌላ ድርጅት በኩል ብንጠራውም፣ «ራይድ ጥሪልኝ» ነው የምንለው። ይህ እንኳ አይከፋኝም፤ ራይድን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ሴት ናትና ስሟ ለሁሉ ቢተርፍ ደስ ይለኛል።

አሮጌ ስም መጥራት ሁልጊዜ ስሕተት ነው ለማለት ግን አልደፍርም። የባለቤቴን አክስት ጉዳይ ልንገራችሁ። እትዬ በወጣትነታቸው ከባለቤታቸው ጋር ቮልስ ነበራቸው፤ ያቺ ጀርባዋ ጎበጥ ያለች፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነች ቮልስዋገን። ልጆቻቸውን ያሳደጉባት፣ ለወሊድ የሄዱባት እሷው ናት። ከጥቂት ጊዜ በፊት የእህታቸው ልጅ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። እንደሚታወቀው መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ ቁጥር በመንገዳችን ላይ በርክቷል። ልጁ የገዛውም ቮልስዋገን አይዲ 4 የሚባለውን ነው። እሑድ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ «ቮልስዋገን ገዛሁ» ብሎ ሲያሳያቸው እትዬ ዞር ዞር ብለው አዩትና «ቮልስ ነው? እሰይ! እንግዲያው ሞተሯ ከኋላ ነው» አሉ።

ልጆቹ ሁሉ በሣቅ ፈረሱ። «እትዬ፣ ያ የዱሮው ነው፤ ይሄኮ ኮምፒዩተር ማለት ነው» አሏቸው። እሳቸው ግን «ቮልስ ከሆነ ከኋላ ነው» ብለው ደረቁ። በመጨረሻ የፊቱ ክዳን ተከፈተ፤ ሳጥንና ሽቦ እንጂ የሚያሽከረክር ሞተር የለም። ልጁ የመኪናውን መጽሐፍ አውጥቶ ሲያነብ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው የዚህ መኪና ሞተር በእርግጥም ከኋላ ሆኖ ተገኘ። እትዬ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ነጠላቸውን ብቻ አስተካከሉ። የዱሮዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ላይ መሠራቷ ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በእትዬ ቤት ግን ገና አላቆመችም። ይህን የመሰለ አጠራር ማን ያርመዋል? ለምንስ ይታረማል?

ጉዳቱ የሚመጣው ሌላ ቦታ ነው። ጎረቤቴ ነርስ ናት። ባለቤቷ ክፍለ ሀገር ስለሚሠራ መኪናውን የምትነዳውም፣ ጋራዥ የምታመላልሰውም እሷ ናት። ሁለት ልጆቿን ከኋላ አስቀምጣ ስትሄድ ፍሬኑ ይጮህባታል። መካኒኩ «የፊት ፍሬን ሸራው አልቋል፤ ገዝተሽ ነይ» አላት። ሶማሌ ተራ ሄዳ «የቪትዝ ፍሬን ሸራ» ብላ ጠየቀች፤ ሻጩም የቪትዝ ብሎ ሰጣት። ጋራዥ ስትመለስ አልገጥም አለ። ደንበኛው መካኒክ ለምሳ ወጥቶ ስለነበር ረዳቱ «ግዴለም፣ በሞረድ ትንሽ ላንሣለትና ይገባል» አለ። በሞረድ! የሁለት ልጆች ነፍስ የሚያቆም ነገር በሞረድ ተፍቆ ሊገባ ነበር። ደግነቱ ዋናው መካኒክ ደረሰና ከእጁ ነጠቀው። ሻጩ ደግሞ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ብሎ በሩ ላይ ጽፏል፤ ገንዘቧ ቀልጦ ቀረ።

መካኒኩ ያስረዳትን እኔም አብሬ ቆሜ ሰምቻለሁ። ቪትዝ የምንለው አንድ መኪና አይደለም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 የመጀመሪያውን፣ በ2005 ሁለተኛውን፣ በ2010 ሦስተኛውን በጃፓን አገር ቪትዝ በሚል ስም አወጣ። ያንኑ መኪና ወደ አውሮፓ ሲልከው ያሪስ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 አራተኛው ሲወጣ ቪትዝ የሚለውን ስም ጃፓንም ተወችው፤ ያሪስ ሆነ። የጎረቤቴ መኪና ይኸው አራተኛው ነው። እሷ ግን የሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ ቪትዝ ስለሚሉት ቪትዝ አለችው። በዚህ ላይ ለጃፓን የተሠራው መሪው በቀኝ ስለሆነ ወደ ግራ ተዛውሮለት የገባ አለ፤ ከፋብሪካው በግራ መሪ የወጣም አለ። የመሪ ዕቃ የሚገዛ ሰው ይህንንም ማወቅ አለበት።

መኪናው ራሱ ግን ስሙን አይረሳም። ለጃፓን ገበያ በተሠሩት፣ የአንድ ሊትር ሞተር ባላቸው ላይ የሻንሲው ቁጥር የሚጀምርባቸው ፊደላት ይናገራሉ፤ የመጀመሪያው ቪትዝ ኤስሲፒ 10፣ ሁለተኛው ኬኤስፒ 90፣ ሦስተኛው ኬኤስፒ 130፣ አዲሱ ያሪስ ደግሞ ኬኤስፒ 210 ነው። ጎረቤቴ አሁን የሊብሬዋን የመጀመሪያ ገጽና በሞተር ክዳኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ይዛለች። ሱቅ ስትገባ ስም አትጠራም፤ ፎቶውን ነው የምታሳየው። አሮጌውንም ዕቃ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ ትሄዳለች፤ ከማንኛውም ስም የሚበልጥ ማስረጃ እሱ ነውና። መኪና ለመግዛት የምታስቡ እህቶችም በዚሁ ተጠቀሙ። ደላላው በአፉ የሚጠራው ስምና ዓመት ሌላ፣ በሊብሬው ላይ የተጻፈው ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ውልና ማስረጃ ከመሄዳችሁ በፊት የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከመኪናው አካል ጋር እያስተያያችሁ አንብቡ። ባለቤቴ ያየዋል ብላችሁ አትተዉት።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ጎረቤቴ የተሳሳተውን ዕቃ ይዛ ስትመለስ በጋራዡ የነበሩ ወንዶች ተሳስቀውባት ነበር። «ሴትና መኪና!» ያለም አልጠፋ። ከሣቁት አንዱ ባለፈው ጥር የወንድሙን ሰርግ ሲተርክ «አራት ቪ8 አሰልፈን» እያለ ነበር። ቪ8 ማለት ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ላንድክሩዘር ይህንን ሞተር ይዞ ስለመጣ ቪ8 የሚለው መጠሪያው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 የተተካው አዲሱ ላንድክሩዘር ግን ሞተሩ ባለስድስት ነው። ሰውየው በስልኩ ያሳየን ፎቶ ላይ ያሉት አራቱም አዲሶቹ ናቸው። እንግዲህ ሁለት ሁለት ሲሊንደር ጎደለ ማለት ነው፤ በአራት መኪና ስምንት! መካኒኩ ይህን በጆሮዬ ሹክ ሲለኝ ጎረቤቴ ሰምታ ኖሮ ጮክ ብላ ቆጠረችላቸው። ከዚያ በኋላ የሣቀ የለም። ሴቲቱ ብትሳሳት አላዋቂነት፣ ወንዱ ቢሳሳት አነጋገር የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም።

ወደ ልጄ ልመለስ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ተወሳስቧል። ቢዋይዲ የሚባለው የቻይና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና አለች፤ ፋብሪካው ራሱ ያወጣላት ስም ምን መሰላችሁ? ዶልፊን! ፊያትም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ መኪና ሠርቶ የዱሮዋን የ600ን ስም መልሶ ሰጣት፤ እናቴ ብትሰማ እኔ መች ተሳሳትኩ ትላለች። ስለዚህ ዛሬ «ዶልፊን ይመጣል» የሚባል ልጅ የአሥራ ሁለት ሰው ሚኒባስ ይጠብቅ ወይስ የአምስት ሰው የቤት መኪና? አዲሱ የአሮጌውን ስም ይወርሳል፤ የወረሰው ስም ደግሞ ሄዶ ሌላ አዲስ ላይ ያርፋል። ስም የሚጓዝ ነገር ነው፤ ልጄን በሚጓዝ ነገር ላይ አስሬ ትቻት ነበር።

በሳምንቱ የሰፈራችን እናቶች ቅዳሜ ከሰዓት በእኔ ቤት ቡና ላይ ተሰበሰብን፤ ባለመኪናውንም ጠራነው። ሰውየው መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። «ስንት ዓመት ልጆቻችሁን አመላለስኩ፤ አሁን ባንድ ስም ተጠረጠርኩ?» አለ። አንዲት እናት «ወንድሜ፣ አንተን አይደለም፤ አንተን መስሎ የሚመጣውን ነው» ስትለው ተረጋጋ። ከዚያ ተስማማን። የመኪናው የታርጋ ቁጥር በእያንዳንዱ ልጅ ደብተር ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ተጻፈ፤ ለትምህርት ቤቶቹ ጥበቃዎችም ተሰጠ። ሹፌር ወይም መኪና የሚቀየር ከሆነ ባለመኪናው በዋዜማው ማታ የሹፌሩንና የመኪናውን ፎቶ ለወላጆች ይልካል፤ እኛም ለልጆቹ እናሳያለን። ማንበብ ላልቻሉት ትንንሾች ደግሞ ከእናታቸውና ከሹፌሩ በቀር ማንም የማያውቀው አንድ ቃል ሰጠናቸው። ወር በገባ ቁጥር ይለወጣል። የወሩን ቃል ልነግራችሁ አልችልም፤ ባለፈው ወር የነበረው ግን የአንድ ወጥ ስም ነበር፤ ልጆቹ በሣቅ ይሞቱ ነበር።

ያ ወጣት ሹፌር አሁን መደበኛ ሆኗል። ልጄ መጀመሪያ ሰሞን አኩርፋው ነበር። እሱም በር ላይ በደረሰ ቁጥር ወርዶ ታርጋውን በጣቱ እያሳያት ቁጥሩን አንድ በአንድ ያስነብባታል፤ እሷም ደብተሯን ገልጣ እያመሳከረች፣ ልክ እንደ ትራፊክ ፖሊስ፣ «እሺ፣ እለፍ» ትለዋለች።

ትናንት ማታ እራት ላይ «ነገ የሚወስድሽ ማነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ቁጥሩን በቃሏ ወጣችልኝ። ጥቂት አሰበችና ጨመረችበት፤ «አፍንጫሙ ዶልፊን ነዋ!»